ጥልቅ በረዶ ውስጥ የተቀረቀረ ስኖውሞቢልን እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ስኖውሞቢል፣ ማለትም በረዶ ላይ የሚነዳው ባለሞተር ማሽን፣ ሲቀረቀር ትልቁ ጠላት ነዳጅ መስጫው ላይ ያለው አውራ ጣት ነው። ከስር የሚሽከረከረው ሰፊ የጎማ ቀበቶ፣ ማለትም ትራኩ፣ የሚይዘው ሲያጣ በረዶውን እየዛቀ ወደ ኋላ ይወረውራል። ማሽኑም ራሱ በቆፈረው ጉድጓድ በሰከንዶች ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ወደፊት መሄዱ እንደቆመ ወዲያው ነዳጁን ይልቀቁ። ቶሎ የለቀቀ ሰው ቁፋሮው በእጅጉ ይቀልለታል።

ሞተሩን አጥፍተው ይውረዱ። አካፋ ከማንሳትዎ በፊት ጃኬትዎን ይክፈቱ ወይም አንድ ልብስ ያውልቁ። ሥራው ያልባል፤ በላብ የራሰ ልብስ ደግሞ ሰውነትን በፍጥነት ያቀዘቅዛል። ከመቀርቀሩ ይልቅ የሚያሰጋው ይህ ብርድ ነው።

አሁን ከማሽኑ ሆድና ከእግር መርገጫዎቹ ስር ያለውን በረዶ ዝቀው ያውጡ። ክብደቱ በሆዱ ላይ ካረፈ ትራኩ በረዶውን የሚጫንበት ኃይል አያገኝም፤ ብዙ ሰው ይህን ዘሎ ስኪዎቹን፣ ማለትም ከፊት ያሉትን መንሸራተቻዎች፣ ሲጎትት ይደክማል። ቀጥሎ ከስኪዎቹ ፊት ያለውን በረዶ እየረገጡ መውጫ መንገድ ያብጁ። ቢያንስ የማሽኑን ርዝመት እጥፍ ይሁን፤ ቁልቁለት ካለም ወደዚያው ይምሩት።

ትራኩ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ማሽኑን ብድግ አድርጎ ለማንሳት አይሞክሩ። አብዛኞቹ ከ200 ኪሎ በላይ ስለሚመዝኑ ወገብ ይጎዳሉ። ይልቅ በጎኑ ያጋድሙት፤ ተዳፋት ላይ ከሆኑ ከላይ በኩል ቆመው ወደ ቁልቁለቱ ይግፉት። ጉድጓዱን በበረዶ ሞልተው በደንብ ይጠቅጥቁ። ነዳጅ ሲያፈስ ካዩ ቶሎ መልሰው ያቁሙት።

እዚህ ላይ መቸኮል አይገባም። የተጠቀጠቀ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ ሲተው ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይጠነክራሉ። ተረከዝዎን ጫን አድርገው ይሞክሩት፤ ገና የሚሰምጥ ከሆነ ትንሽ ይጠብቁ። እስከዚያው ስኪዎቹን በጫፋቸው ይዘው ግራና ቀኝ እየነቀነቁ ከያዛቸው በረዶ ያላቅቋቸው።

ማሽኑን አጋድመውት ከነበረ በተጠቀጠቀው በረዶ ላይ መልሰው ያቁሙት። ሞተሩን ሲያስነሱ ነዳጁን በቀስታ ይስጡ፤ ትራኩ በከንቱ መሽከርከር ከጀመረ ወዲያው ይልቀቁና ጥቅጠቃውን ይድገሙት። ረዳት ካለ ከጎን ሆኖ አንዱን ስኪ ይሳብ። ቀጥታ ከፊት የቆመ ሰው ይገጫል፤ ከኋላ ያለውን ደግሞ ትራኩ የሚወረውረው የበረዶ ጓል ያገኘዋል። ሞተሩ ሳይጠፋ እጅም አካፋም ወደ ትራኩ አይጠጋ።

ማሽኑ ከወጣ በኋላ ወዲያው አያቁሙት። እየነዱ ይቀጥሉና ጠንካራ በረዶ ሲያገኙ፣ ወይም አፍንጫው ወደ ቁልቁለት ሲዞር ያቁሙ።

ይህ ሁሉ የበረዶ ናዳ ለማያሰጋው ቦታ ነው። የበረዶ ናዳ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ በሚሆን ተዳፋት ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ የተቀረቀረ ሰው ከቻለ ብቻውን ቢያወጣው ይመረጣል፤ ተጨማሪ ሰውና ማሽን የሚያሳድረው ጫና ናዳውን ሊቀሰቅሰው ይችላል። እርዳታ የግድ ካስፈለገም አንድ ሰው ብቻ ይጠጋ። ሌሎቹ ናዳው ከሚወርድበት መስመር ወጥተው፣ አካፋቸውን እንደያዙ፣ ዓይናቸውን ከተቀረቀረው ሰው ሳይነቅሉ ይጠብቁ።