ከማጣሪያ ጠረጴዛ ላይ፦ ሥራ ፈላጊዎች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

ባለፈው ወር ለአንድ የሒሳብ ሠራተኛ መደብ ማመልከቻ ስናጣራ የአንዲት ልጅ ማስረጃ እጄ ላይ ቀረ። አምስት ዓመት ሠርታለች። ወረቀቷ ግን «ታታሪ፣ ታማኝና መልካም ጠባይ ያላት» ከማለት በቀር ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን መደብ፣ በስንት ደመወዝ እንደሠራች አይናገርም። ከዝርዝሩ ወጣች። የሰረዝኳት እኔ ነኝ። አስተካክላ እንድታመጣ ደውዬ ስነግራት የቀድሞ ድርጅቷ ተዘግቷል።

ስንቴ ልናገረው! የሥራ ልምድ ማስረጃ የምስጋና ደብዳቤ አይደለም። የተቀጠራችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ የመደቡ መጠሪያ፣ ደመወዝ፣ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ከግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብር መከፈሉንም ይግለጽ፤ ብዙ ማስታወቂያዎች ይህን በግልጽ ይጠይቃሉ። አሠሪ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያስገድደዋል። ለዚያውም ስትለቁ ብቻ ሳይሆን በጠየቃችሁ ጊዜ። ስለዚህ ገና በሥራ ላይ ሳላችሁ ጠይቁ። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬን ተጣልቼ ስለቅ ማስረጃ ለመጠየቅ ክብሬ አልፈቀደልኝም። የሁለት ዓመት ድካሜ እስከ ዛሬ በየትኛውም ፋይል ውስጥ የለም።

ቀን መቁጠርም ብዙዎችን ያስቀራል። ማስታወቂያው «10 ተከታታይ ቀናት» ካለ እሑድም በዓልም ይቆጠራል፤ «10 የሥራ ቀናት» ካለ አይቆጠርም።

ስማችሁን በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት አድርጉት። «ታደሰ» ዲግሪው ላይ በአንድ ኤስ፣ መታወቂያው ላይ በሁለት ኤስ ተጽፎ ስንት ቅጥር እንደዘገየ አይቻለሁ።

ስልክ ቁጥር ከቀየራችሁ ያመለከታችሁበት ቦታ ሁሉ አሳውቁ።

በቴሌግራም «ሥራው አለቀ፣ የመመዝገቢያ ብቻ ላኩ» ለሚል ሰው አንድ ብር አትላኩ። አገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛን የሚያገናኝ የግል ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል ሕጉ ይከለክላል። ከእናት ላይ ተለምኖ የመጣ ገንዘብ እንዲህ ሲበላ ማየት ያንገበግበኛል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ይሉኝታ ነው። ልጆቻችን ሥራ መፍታታቸውን እንደ ነውር ደብቀው፣ ጠዋት ለብሰው ወጥተው፣ አራት ኪሎ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆመው ይውላሉ። ጎረቤት አያውቅም፤ የክፍል ጓደኛ አያውቅም። ለሰው መንገር በዘመድ መቀጠር አይደለም። ትንንሽ ድርጅቶች ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ አያወጡም፤ ሠራተኛ ሲጎድላቸው «የምታውቁት ልጅ አለ?» ብለው ያሉትን ሠራተኞች ይጠይቃሉ። ያን ጊዜ ስማችሁን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል። ስትነግሩም «የተገኘውን ሥራ» አትበሉ፤ እንዲህ ያለውን ሰሚው ቡናውን ሳይጨርስ ይረሳዋል። «ሒሳብ ነው የተማርኩት፣ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር መሥራት እችላለሁ፣ ቃሊቲ ድረስም ቢሆን እመላለሳለሁ» በሉት። በዚሁ ዓመት አንድ ግምጃ ቤት ሠራተኛ የቀጠርነው የጥበቃ ሠራተኛችን «ሰፈራችን አንድ ልጅ አለ፣ ንብረት መመዝገብ ይችላል» ስላለን ነው።