አሮጌ ፒክአፕ ከመግዛት በፊት፦ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ የሚደረግ ፍተሻ

ደሴ ላይ አሮጌ ፒክአፕ የሚገዛ ሰው ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደው የሐረጎ ቁልቁለት በደጁ ስላለለት ዕድለኛ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ ከእርሷ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ ይህን መንገድ ወርዶ መልሶ የወጣ መኪና ሊደብቀው የሚችለው ሕመም ጥቂት ነው። ስለዚህ ዋጋ የሚነሣው ከዚህ ጉዞ በኋላ መሆን አለበት።

ፍተሻው በማለዳ ይጀምር። ሻጩም ሆነ ደላላው ሞተሩን ቀድሞ እንዳያስነሣ ይንገሩት፤ ሲደርሱም ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሩን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ሞቆ ካገኙት በሌላ ቀን ይመለሱ። ካንዴሊታው (ሞተሩ እንዲነሣ ቀድሞ የሚያሞቀው ዕቃ) የደከመ ወይም ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) የተበላ የናፍጣ ሞተር ከሞቀ በኋላ ያለ ችግር ይነሣል፤ በደሴ የጠዋት ብርድ ግን ደጋግሞ ያስለፋል። እኔ የመጀመሪያ ፒክአፔን ያየሁት ከሰዓት በኋላ፣ ሞተሩ ሞቆ ሲጠብቀኝ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት በሰው ግፊት ተነሣ፤ ሞተሩን አስወርጄ ለማሠራት ያወጣሁት ገንዘብ ከዋጋው ላይ መቀነስ የነበረበት ነበር።

ሞተሩ ሳይነሣ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውኃው ላይ ዘይት መንሳፈፉን፣ ቀጥሎም የሞተር ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መምሰሉን ይመልከቱ፤ ሁለቱም የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያ፣ መቃጠሉን ወይም ቴስታታው መሰንጠቁን ያመለክታሉ። ሞተሩ ከተነሣና ከሞቀ በኋላ የማይቆም ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ መሆኑን፣ የማይጠፋ ወፍራም ነጭ ጭስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ውኃ ወደ ፒስተኑ መግባቱን ይናገራል። ጥቁር ጭስ ሲያዩ ግን ለመፍረድ አይቸኩሉ። በደሴ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ስለሚያንስ፣ ተርቦ (አየር በግፊት የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ዳገት ላይ ጥቂት ቢያጨስ የግድ በሽተኛ ነው ማለት አይደለም። በአሮጌዎቹ የሃይሉክስ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ላይ የታይሚንግ ቺንጋው (ቫልቮቹ በጊዜያቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው ቀበቶ) መቼ እንደተቀየረ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በ100,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ካልተቀየረና ከተበጠሰ ቫልቮቹን ይዞ ይሄዳል።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ የሚገባው ሻንሲው፣ ማለትም መኪናውን የተሸከመው የብረት አጽም፣ ነው። ሞተር ይታደሳል፤ የተሰነጠቀ ሻንሲ ግን ተበይዶም እንደ ቀድሞው አይሆንም። ከመኪናው ሥር ገብተው ባሌስትራው (የተነባበረው የብረት ስፕሪንግ) የሚያያዝባቸውን ቦታዎችና ከጋቢናው ኋላ ያለውን ክፍል በባትሪ ብርሃን ይመርምሩ፤ በአሮጌ ሻንሲ ላይ አዲስ ጥቁር ቀለም ካዩ ከሥሩ ብየዳ ወይም ዝገት ይፈልጉ። ጨው ሲያመላልስ የኖረ ፒክአፕ ከሆነ ደግሞ የጭነት ሳጥኑን ወለል ጭምር በመዶሻ ጫፍ መታ መታ እያደረጉ ይስሙት። ላሜራው ላይ ስቱኮ (ጉዳት መሸፈኛ ልጥፍ) መኖሩን በስስ ጨርቅ የተጠቀለለ ማግኔት ያሳያል፤ ስቱኮው ወፍራም ከሆነ አይይዝም።

ከዚያ አራት አምስት ኩንታል ጭነው ወደ ኮምቦልቻ ይውረዱ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ሲወርዱ ማርሹ የሚተፋ ከሆነ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ተበልቷል፤ ፍሬን ሲይዙ ወደ አንድ ጎን የሚጎትት ወይም ፔዳሉ እየሰመጠ የሚሄድ ከሆነ ጉዞውን እዚያው ያቁሙ። ወሳኙ ፈተና መልሱ ነው። ዳገቱን ሲወጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ፍሪሲዮኑ (ሞተሩን ከማርሽ ሳጥኑ የሚያገናኘው ክፍል) ያንሸራትታል። የሙቀት መለኪያውን ከዓይንዎ አያርቁ፤ ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውኃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፣ ኮምቦልቻ ላይ ደህና የመሰለ መኪና ሐረጎ ላይ ሊፈላ ይችላል። ሲደርሱ የሞቀውን ክዳን በፍጹም አይክፈቱ።

የሊብሬውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተቀረጸው ጋር ፊደል በፊደል ያመሳክሩ። ሻጩ በውክልና የሚሸጥ ከሆነ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድና ያልተሻረ መሆኑን፣ መኪናው ደግሞ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን ከመዘገበው የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ።

ዋጋውን የሚተምኑት ከሻጩ ጥሪ ተነሥተው አይሁን። በደሴና በኮምቦልቻ ተመሳሳይ ሞዴል ያለው ጤነኛ ፒክአፕ በቅርቡ ስንት እንደተሸጠ ከሦስት የማይተዋወቁ ሰዎች ይጠይቁና ከዚያ ላይ መካኒክዎ የገመተውን ጥገና፣ የጎማ ወጪና መኪናው ጋራዥ ሲቆም የሚቀርብዎትን ገቢ ይቀንሱ። ለስሌት ያህል፣ ጤነኛው 1,800,000 ብር ቢሆንና ጥገናው 220,000፣ ጎማው 80,000 ቢገመት፣ የሚቀርብዎት ገቢ ገና ሳይቀነስ 1,500,000 ብር ጣሪያዎ ነው፤ ሞተር ሲፈታ ያልታየ ነገር ስለሚገኝ እኔ የጥገናውን ግምት ሁልጊዜ በሩብ አሳድጌ እቀንሳለሁ። የሻንሲ ስንጥቅ ካለ ግን ቅናሽ አይጠይቁ፤ መኪናውን ይተዉት።

ቀብድ ከመስጠትዎ በፊት የተስማሙበትን ሁሉ በጽሑፍ ያስፍሩ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ ሰጪው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ያጣል፤ ተቀባዩ ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ቀሪውን ገንዘብ ውሉ ሥልጣን ባለው አካል ፊት በሚፈረምበት ቀን በባንክ ይክፈሉ።