ላንካስተሩን በሞተሩ ለየነው

ለመታሰቢያ ድንጋዩ የቀረበው ጽሑፍ አውሮፕላኑን «ላንካስተር ማርክ 3» ይለዋል። ላንካስተር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የብሪታንያ ቦምብ ጣይ ነው፤ «ማርክ» ደግሞ የሞዴሉ ቁጥር። የአውሮፕላኑ ፎቶ ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ሰባት ወጣቶች ያለቁበት አውሮፕላን ነው፤ በግምት አይጻፍም።

ሞተሮቹን አጉልቼ አየኋቸው። ማርክ 1 እና ማርክ 3 በመርሊን ሞተር ስለሚበሩ የሞተራቸው አፍንጫ ሾጠጥ ያለ ነው። ከውጭ ሲታዩ ቁርጥ መንታ ናቸው። የእኛው ፊቱ እንደ ድስት ክብ ነው! ይህ በአየር የሚቀዘቅዘው፣ ባለ 14 ሲሊንደሩ ብሪስቶል ሄርኩሊስ ነው። ማርክ 2 ማለት ነው፤ የተመረተውም 300 ብቻ።

ለማረጋገጥ ወደ ጭራው ጠጋ ብሎ የተጻፈውን መለያ ቁጥር አነበብኩ። «ዲኤስ» ብሎ ይጀምራል። በዲኤስ የሚጀምሩት ላንካስተሮች ሁሉ ማርክ 2 ናቸው። ወዲያው ለድንጋይ ቀራጩ ደወልኩ። እፎይ፣ ገና አልጀመረም ነበር።