ፍሬኑን ከመፍታታችሁ በፊት ጎማውን ለኩ

ስድስት ወይም ስምንት ጎማ ያለውን፣ ውሃ ላይም የሚንሳፈፈውን ተሽከርካሪ ለጥገና የሚያመጡ ሰዎች አቤቱታቸው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ወደ ግራ ይስባል፣ ፍሬኑ ሳይዝ አይቀርም።» ካሊፐሩ (የፍሬኑን ዲስክ የሚጨብጠው ክፍል) ተፈትቷል፣ አዲስ የፍሬን ሸራ ገብቷል፣ ከፍሬኑ መስመር አየሩም ወጥቷል። አሁንም ወደ ግራ ይስባል።

እባካችሁ፣ መጀመሪያ ጎማውን እዩ! በብዙዎቹ ሞዴሎች በአንድ ጎን ያሉት ጎማዎች በሙሉ በሰንሰለት ስለተያያዙ የሚዞሩት እኩል ነው። አንዱ ትንሽ ከተነፈሰ በአንድ ዙር የሚሸፍነው መንገድ ያጥራል፤ ከሌሎቹ ጋር ለመድረስ መሬት ላይ እየተፋተገ ይጎተታል፣ ጭነቱም ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ጎኑ በሙሉ ከተነፈሰ ተሽከርካሪው ወደዚያው ይስባል። ፍሬኑ ጥፋት የለበትም።

እነዚህ ጎማዎች ባብዛኛው የሚነፉት ከ2 እስከ 5 ፒ ኤስ አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ባለው ግፊት ነው። የመኪና ጎማ መለኪያ እዚህ አይሠራም፤ በ3 ፒ ኤስ አይ ላይ የ1 ፒ ኤስ አይ ስህተት ሲሶ ነው። ለዝቅተኛ ግፊት የተሠራ መለኪያ ያዙ፣ ጎማው ሳይሞቅ ለኩ። ግፊቱ እኩል መሆኑም አይበቃም። አንድ ባለንብረት በግራ በኩል ሁለት አዲስ ጎማ ካረጁት ጋር ቀላቅሎ አስገብቶ ነበር፤ መለኪያው ሁሉንም እኩል ቢያሳይም፣ ከመሬት አንስተን የስፌት ሜትር ስናዞርባቸው አዲሶቹ በሁለት ጣት ያህል በለጡ። ሰንሰለቱ እየተበላ የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

ፍሬኑ ጥፋተኛ የሚሆንበት ምልክት ሌላ ነው። በፍሬን በሚታጠፉት ሞዴሎች ወደ ቀኝ ስትዞሩ የሚይዘው የቀኙ ፍሬን ነው። ወደ ግራ ደህና እየታጠፈ ወደ ቀኝ እምቢ ካለ የቀኙን ፍሬን ፈትሹ። እዚያም መጀመሪያ ዲስኩን በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ሰንሰለቱና ዲስኩ አንድ ላይ በተሽከርካሪው ሆድ ውስጥ ስለሚገኙ፣ ለሰንሰለቱ የተረጨው ቅባት ዲስኩ ላይ ያርፋል። ቅባት የጠጣ ሸራ በአሸዋ ወረቀት አይድንም፤ ይቀየር። ቅባቱን ስትረጩ ዲስኩን ሸፍኑት።

የፍሬኑ እጀታ ደጋግማችሁ ስትጨብጡት የሚጠነክር ከሆነ በመስመሩ ውስጥ አየር መኖሩን ጠርጥሩ። ጨብጣችሁት ቀስ በቀስ ከሰመጠ ግን የሚፈስ ቦታ ፈልጉ፤ ከሌለ የማስተር ሲሊንደሩ (እጀታው ሲጨበጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋው ክፍል) የውስጥ ላስቲክ አልቋል።

የፍሬን ዘይት፦ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ብቻ። ዶት የዘይቱን ዓይነት ያመለክታል፤ ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ከዶት 3 ወይም ከዶት 4 ጋር አይቀላቀልም። በዘይት ማስቀመጫው ላይ ካለው የልክ ምልክትም በላይ አትሙሉ፤ ዘይቱ ሲሞቅ ስለሚሰፋ መሄጃ ካጣ ፍሬኑን ይዞ ያስቀረዋል።

ከውሃ ስትወጡ ሆዱ ውስጥ የገባውን አፍስሱ፣ ከዚያ ፍሬኑን ለስለስ አድርጋችሁ እየያዛችሁ በዝግታ ንዱ፣ ይድረቅ።

ጎማው ከቸርኬው ከወጣ ደግሞ ተቀጣጣይ ስፕሬይ ረጭቶ በእሳት ማስገባት የሚባለውን ነገር ተዉት፤ ሰው ይገድላል። ጠርዙን የሳሙና ውሃ ቀቡ፣ የጎማውን መሃል ዙሪያውን በቀበቶ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ቀስ ብላችሁ ንፉ፤ ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ግፊት አትለፉ፣ ፊታችሁንም ከጎማው አርቁ።