በአቅራቢያችን ያሉ ደማቅ ኮከቦችን የሚዞሩ ፕላኔቶች ሲጠኑ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የናሳ ሳተላይት የሆነችው ቴስ በ2018 ከመጠቀች ወዲህ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የደማቅ ኮከቦች የብርሃን መረጃ ለማንም ክፍት ሆኗል፤ ኮምፒውተርና ትዕግሥት ያለው ተማሪም ቤቱ ተቀምጦ ፕላኔት ሊፈልግበት ይችላል። ይሁን እንጂ በዚህ ሥራ ከጥቂቶቹ በስተቀር ፕላኔቱ ራሱ አይታይም፤ የሚለካው ኮከቡ ነው። በእኔ እምነት ከሚከተሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ኮከቡን በቅጡ ሳያውቁ ስለ ፕላኔቱ ለመናገር ከመቸኮል ነው።

ከሁሉ የተለመደው ስህተት የኮከቡ ብርሃን በየተወሰነ ጊዜ ቀነስ ማለቱን እንዳዩ ፕላኔት በፊቱ አለፈ ብሎ መደምደም ነው። የቴስ አንድ ፒክሰል 21 አርክ ሰከንድ (አንድ አርክ ሰከንድ የዲግሪ 3,600ኛ ክፍል ነው) ያህል የሰማይ ስፋት ስለሚሸፍን የበርካታ ኮከቦች ብርሃን ተደባልቆ ሊገባበት ይችላል። ከደማቁ ኮከብ ጀርባ፣ በብርሃን መቶ ጊዜ የሚያንሱ፣ እርስ በርስ የሚጋረዱ ጥንድ ኮከቦች አሉ እንበል። በግርዶሹ ጊዜ የጥንዶቹ ብርሃን በግማሽ ቢቀንስ በድምሩ ላይ የሚታየው ቅናሽ ግማሽ በመቶ ብቻ ይሆናል፤ ይህም ፀሐይን በሚመስል ኮከብ ፊት ከሳተርን ጥቂት ያነሰ ፕላኔት ሲያልፍ ከሚፈጠረው አይለይም። ስለዚህ አንደኛውን፣ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ቅናሽ ከሁለተኛው፣ ከአራተኛውና ከስድስተኛው ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል፤ ጥልቀታቸው ከተለያየ ሁለት ኮከቦች እየተፈራረቁ እየተጋረዱ ነው። በቅናሾቹ መካከል ሌላ ትንሽ ቅናሽ መኖር አለመኖሩን፣ ቅናሹ ሲከሰትም የብርሃኑ ማዕከል ወደ ጎን መንሸራተት አለመንሸራተቱን መፈተሽም ግድ ነው።

የኮከቡን ስፋት ከመዝገብ እንደወረደ መቀበልም ብዙዎችን ያሳስታል። የብርሃኑ ቅናሽ የሚነግረን ፕላኔቱ ከኮከቡ አንጻር ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው። የኮከቡ ራዲየስ በ10 በመቶ ከተሳሳተ የፕላኔቱም እንዲሁ ይሳሳታል፤ እፍግታው ደግሞ በ30 በመቶ ገደማ ይዛባል፤ ፕላኔቱ ድንጋያማ ነው ወይስ ወፍራም ጋዝ የለበሰ የሚለው ጥያቄም እዚሁ ላይ ይበላሻል። ኮከቡ እኩል የሚያበራ፣ ያልተስተዋለ ጓደኛ ካለው ፕላኔቱ ከተገመተው 1.4 እጥፍ ያህል የሰፋ ይሆናል።

ከምድር ሆኖ በፕላኔቱ ስበት የሚፈጠረውን የኮከብን ወዲህና ወዲያ መወዛወዝ የሚለካ ሰው ሊጠነቀቅለት የሚገባ ሌላ ወጥመድ አለ፤ ቴሌስኮፑ የሚሠራው ሌሊት ሌሊት ብቻ በመሆኑ መረጃው ራሱ የቀን ምት አለው። 41 የብርሃን ዓመት ያህል የሚርቀው 55 ካንክሪ የተባለው ኮከብ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2004 የተገኘው ፕላኔቱ «ኢ» ኮከቡን በ2.8 ቀን አንድ ጊዜ ይዞራል ተብሎ ነበር። በ2010 ሬቤካ ዳውሰንና ዳንኤል ፋብሪኪ እውነተኛው ዙር 0.7365 ቀን፣ ማለትም ከ18 ሰዓት ያነሰ መሆኑን አሳዩ። ስሌቱ ይህን ያህል አይከብድም፦ 0.7365 ቀን ማለት በቀን 1.358 ዙር ነው፤ ምድር ከኮከቦች አንጻር በቀን 1.003 ጊዜ ትሽከረከራለች፤ ሁለቱ ሲቀናነሱ የሚቀረው 0.355 ደግሞ በ2.8 ቀን አንድ ዙር ማለት ነው። በቀጣዩ ዓመት የጠፈር ቴሌስኮፖች በአጭሩ ዙር መሠረት ሲከታተሉ ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት ሲያልፍ አገኙት። ጉልህ ድግግሞሽ ያገኘ ሁሉ ይህን 1.003 ደምሮና ቀንሶ የሚያገኛቸውን ድግግሞሾች ሳይፈትሽ ባያውጅ ይመረጣል።

ኮከቡ በዛቢያው የሚሽከረከርበት ጊዜም በምሕዋር ጊዜ ይሳሳታል። በ2018 በ42 ቀን አንድ ጊዜ የሚዞረው ፕላኔት አለው የተባለው ኮከብ 40 ኤሪዳኒ ለዚህ ይጠቀሳል፤ ምልክቱ ከኮከቡ ከራሱ ገጽ እንደመጣ በኋላ የተሻለ ልኬት አሳይቷል።

የኮከቡን መወዛወዝ የሚከታተለው የፍጥነት ልኬት የሚሰጠውን ዝቅተኛ መጠነ ቁስ እንደ ትክክለኛው መውሰድም ስህተት ነው። በ2019 በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ዘመቻ «ቡና» የሚል የኢትዮጵያ ስም ያገኘውን ኮከብ የሚዞረው ፕላኔት «አቦል» በዚህ መንገድ የተገኘ ነው። መጠነ ቁሱ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ ነው ሲባል ወለሉ መነገሩ ነው፤ ምሕዋሩ ወደ እኛ ፊቱን ባዞረ ቁጥር እውነተኛው ከዚያ ይልቃል። በ1989 ቢያንስ የ11 ጁፒተር ያህል ነው የተባለው የኤችዲ 114762 አጃቢ በጋያ ሳተላይት ልኬት ትንሽ ኮከብ ሆኖ ተገኝቷል።

ለሕይወት አመቺ በሚባለው ርቀት ላይ ያለን ፕላኔት ሁሉ መኖሪያ አድርጎ ማቅረብ ብዙ ሐተታ አያሻውም፤ ጨረቃም ከፀሐይ የምትርቀው ምድር የምትርቀውን ያህል ነው።

በመጨረሻም የከባቢ አየር ንባብ አለ። ኤችዲ 209458 ቢ በተባለው ፕላኔት ዙሪያ ሶዲየም መታየቱ በሀብል ቴሌስኮፕ ልኬት በ2002 ተዘግቦ ነበር። በ2020 የወጣ ጥናት ግን ከምድር በከፍተኛ ጥራት የተወሰደውን ስፔክትረም (በቀለሞቹ የተዘረዘረ ብርሃን) ሲመረምር፣ የሶዲየሙ ምልክት ያለ ፕላኔቱ ጋዝ ሊብራራ እንደሚችል አሳየ። ፕላኔቱ ሲያልፍ በመጀመሪያ የሚጋርደው ወደ እኛ የሚዞረውን የኮከቡን ጎን፣ ቀጥሎም ከእኛ የሚርቀውን ነው፤ በዚህ ጊዜ የኮከቡ የራሱ የሶዲየም መስመር ስለሚዛባ፣ በትራንዚቱ (ፕላኔቱ በኮከቡ ፊት በሚያልፍበት) ጊዜ የተወሰደውን ስፔክትረም ከትራንዚቱ ውጭ ለተወሰደው በማካፈል ብቻ የሚሠራ ተመራማሪ የኮከቡን ትርፍራፊ ለፕላኔቱ ይሰጣል። የተጋረደው እያንዳንዱ የኮከቡ ክፍል የሚሰጠው ስፔክትረም አስቀድሞ ተሰልቶ መቀነስ ያለበትም ለዚህ ነው።