ክብ ሳፋ ታች ላይ ስንት ብርቱካን ይደረደራል?

ለሱቅ ማሳያም ይሁን ለድግስ ብርቱካን ሳፋ ላይ የምትደረድሩ ከሆነ፣ የታችኛው ንጣፍ ስንት እንደሚይዝ ከመግዛታችሁ በፊት ማወቅ ትችላላችሁ። ሜትርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ብዙ ሰው የሳፋውን ታች የቦታ ስፋት (በካሬ ሴንቲ ሜትር) አንድ ብርቱካን ለሚይዘው የቦታ ስፋት ያካፍልና ያንን ይገዛል። ይሄ ሁሌም አብዝቶ ነው የሚነግራችሁ፤ ክብ ነገሮች ቢጠጋጉም መሃላቸው ክፍተት ይቀራል፣ ግድግዳው ጋ ደግሞ ይብሳል።

መጀመሪያ ልኬት። የሳፋውን አፍ አትለኩ! ሳፋ ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ መለካት ያለበት የብርቱካኑ ወገብ የሚደርስበት ከፍታ ነው። ብርቱካኑ 7 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከታች 3 ተኩል ከፍ በሉና ከውስጥ ግድግዳ እስከ ውስጥ ግድግዳ፣ በመሃል አቋርጣችሁ ለኩ። ብርቱካን እኩል ስለማይሆን አንዱን ብቻ አትመኑ፤ 10 ያህሉን በቀጥታ መስመር አጠጋግታችሁ ደርድሩና ርዝመቱን ለ10 አካፍሉ።

አሁን የሳፋውን ልክ ለብርቱካኑ ልክ አካፍሉ። ሳፋው 42፣ ብርቱካኑ 7 ከሆነ 6 ይመጣል። 6ን በራሱ ስታባዙት 36፣ የዚያ ሦስት አራተኛ 27። በጥንቃቄ ከተደረደረ 27 ይገባል ማለት ነው። ዝም ብላችሁ ካፈሰሳችሁት ግን ጥቂት ቀንሱ።

ሦስት አራተኛው ጥሩ የሚሠራው የማካፈሉ ውጤት ከ5 እስከ 7 ሲሆን ነው። ከ8 እስከ 10 ከሆነ በ0.8 አባዙ፤ ዕቃው ሲሰፋ ግድግዳው ሥር የሚባክነው ቦታ ከጠቅላላው አንጻር ያንሳል። 10 ከመጣ 80 ገደማ ይሆናል። ሳፋው የቱንም ያህል ቢሰፋ ግን ከ0.907 አታልፉም። እያንዳንዱ ኳስ በ6 ሌሎች ሲከበብ የሚገኘው ጣሪያ እሱ ነው፤ ሃንጋሪያዊው የሂሳብ ሊቅ ላስሎ ፌየሽ ቶት ከዚህ የተሻለ አደራደር እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አረጋግጧል።

ትንሽ ዕቃ ላይ ስሌቱን ተዉት። ውጤቱ 2 ከሆነ 2 ብርቱካን፣ 2.5 ከሆነ 4፣ 3 ከሆነ 7፣ 4 ከሆነ 11 ይገባል። እዚህ ጋ 3ን በደንብ እዩት። የ21 ሴንቲ ድስት 7 ብርቱካን ይይዛል፣ አንዱ መሃል ስድስቱ ዙሪያውን። ድስቱ 20 ተኩል ከሆነ ግን ወደ 6 ሳይሆን በቀጥታ ወደ 5 ነው የሚወርደው! ለዚህ ነው ትንሽ ዕቃ ላይ ግማሽ ሴንቲ የምትከበረው።

ውጤታችሁ 5 ከሆነ ስትደረድሩ ከመሃል ጀምሩ፦ 1፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 12። 19 ላይ ትቆማላችሁ፣ 20ኛው አይገባም። ቀላል ይመስላል፤ 19 እኩል ክቦች የሚገቡበት ትንሹ ክብ የቱ እንደሆነ በሂሳብ የተረጋገጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ፌሬንጽ ፎዶር በተባለ ሰው።

ሁለተኛ ንጣፍ ከጨመራችሁ የታችኛውን ቁጥር በቀጥታ እጥፍ አታድርጉ። የላይኞቹ የሚቀመጡት በታችኞቹ መሃል ባለው ጎድጓዳ ላይ ነው። ስለዚህ በ7 ሴንቲ ብርቱካን ከፍታው የሚጨምረው 7 ሳይሆን 5.7 ገደማ ነው፣ ቁጥሩም ግድግዳው ቀጥ ባለ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው ያንሳል።