ለቤት ቪዲዮ የሚሆን ርካሽ ካሜራ እንዴት እንመርጣለን?

ልጅ ሲስቅ አንድ ደቂቃ ለመቅረጽ ስልክ ይበቃል። ጥምቀት ላይ ከሕዝቡ ጀርባ ቆማችሁ ታቦት ሲሸኝ ስትቀርጹ፣ ወይም የእህታችሁን ሠርግ ከጠዋት እስከ ማታ ስትከታተሉ ግን ስልኩ ይግላል፣ ዙሙም ምስሉን ያበላሸዋል። ቪዲዮ ካሜራ የተሠራው ለዚህ ነው። ባትሪው ይቀየራል፣ እጅ ላይ ይረጋል፣ ሩቁን ያቀርባል።

እዚህ ባሕር ዳር ዘመድም ጎረቤትም ያገለገለ ካሜራ ሊገዛ ሲል አብሬው እሄዳለሁ። ሁሉም ዓይኑን መጀመሪያ ካሜራው ላይ ይጥላል። እኔ የምጀምረው ቤት ካለው ኮምፒውተር ነው። የቀረጻችሁትን ኮምፒውተራችሁ ካልከፈተው ወይም እየተንገዳገደ ካጫወተው፣ የካሜራው ጥራት ምንም አይጠቅማችሁም።

1. ኮምፒውተራችሁን እዩ

ራሙ ስንት ነው? ባዶ ቦታው ስንት ጊጋ ነው? የካርድ ማስገቢያው ይሠራል? ጻፉትና ወደ ሱቅ ሂዱ።

2. ካሜራው በምን ላይ ይቀርጻል?

ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው።

በጣም ርካሾቹ ብዙ ጊዜ የካሴት ካሜራዎች ናቸው፤ ሚኒ ዲቪ ይባላሉ። አንድ ካሴት በመደበኛው ፍጥነት 60 ደቂቃ ይይዛል። የአንድ ሰዓት ቀረጻ ኮምፒውተር ላይ 13 ጊጋ ገደማ ይወስዳል። እያንዳንዱ ምስል ለብቻው የተቀመጠ ስለሆነ አሮጌ ኮምፒውተር እንኳ ያለ ችግር ይቆርጠዋል። ችግሩ ማስገባቱ ላይ ነው። ቪዲዮው በሙሉ ጥራቱ የሚወጣው ፋየርዋየር በሚባል ገመድ ነው፣ የዛሬ ላፕቶፖች ደግሞ መሰኪያው የላቸውም። ካሜራው ላይ ዩኤስቢ አይታችሁ አትደሰቱ። በብዙዎቹ የካሴት ካሜራዎች ላይ ዩኤስቢው ፎቶ ለማውጣት ወይም ደካማ ምስል ለማስተላለፍ ብቻ ነው። በዚያ ላይ የአንድ ሰዓት ካሴት ለማስገባት አንድ ሰዓት ሙሉ ይፈጃል። አንድ የአክስቴ ልጅ በዋጋው ተማርኮ እንዲህ ያለ ካሜራ ገዛ። የእህቱን መልስ ቀረጸበት። ካሴቶቹ እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ናቸው፣ ኤዲት ሊያደርጋቸው አልቻለም። የድሮ ካሴት ቤት ካላችሁና የፋየርዋየር ካርድ የሚገባበት ዴስክቶፕ ካገኛችሁ ግን የካሴት ካሜራ መግዛት ተገቢ ነው።

በትንንሽ ዲቪዲ ላይ የሚቀርጹትን እለፏቸው። ዲስኩ በመደበኛ ጥራት ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው የሚይዘው። ቀረጻው አልቆ ዲስኩ በካሜራው ካልተዘጋ፣ ማለትም «ፋይናላይዝ» ካልተደረገ ደግሞ ኮምፒውተሩ ብዙውን ጊዜ አያነበውም። ሃርድ ዲስክ ያላቸውም አሉ። እነሱ ምቹ ናቸው፣ ግን ዲስኩ ከሞተ ያልገለበጣችሁት ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

የምመክራችሁ በኤስዲ ካርድ የሚቀርጸውን ነው። ካርዱ ይወጣል፣ ላፕቶፑ ውስጥ ይገባል፣ በቃ። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚቀርጹት ሶኒና ፓናሶኒክ በ2006 ባወጡት ኤቪሲኤችዲ በሚባለው አሠራር ነው። በሰከንድ 17 ሜጋቢት ሲቀርጽ አንድ ሰዓቱ 8 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ቦታ የሚቆጥበው ሙሉ ምስል አልፎ አልፎ ብቻ አስቀምጦ፣ በመሃል የተለወጠውን ብቻ ስለሚመዘግብ ነው። ኮምፒውተሩ ታዲያ አንዱን ምስል ለማሳየት ጎረቤቶቹን ሁሉ ማስላት አለበት። አሮጌ ላፕቶፕ የሚንገዳገደው በዚህ የተነሳ ነው።

መፍትሔው ፕሮክሲ ነው። ኤዲት ማድረጊያው የቪዲዮውን ቀለል ያለ ቅጂ ይሠራል፣ እናንተ በዚያ ላይ ትቆርጣላችሁ፣ መጨረሻ ላይ ሲያወጣው ዋናውን ይጠቀማል። ሾትካትና ኬዲኤንላይቭ ይህን ይሠራሉ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ለደካማ ላፕቶፕ ዳቪንቺ ሪዞልቭን አልመክርም፤ ጥሩ ነው፣ ግን ከባድ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ከካርዱ ላይ ቪዲዮዎቹን ብቻ መርጣችሁ አትገልብጡ፣ ፎልደሩን እንዳለ ውሰዱት። ካሜራው ረጅም ቀረጻን ወደ ብዙ ፋይል ይከፋፍለዋል። የትኛው ከየትኛው እንደሚቀጥል የተመዘገበው በሌሎቹ ትንንሽ ፋይሎች ውስጥ ነው። እነሱ ከሌሉ መገጣጠሚያው ላይ ድምፅ ሊቆራረጥ ይችላል። ቃለ መሐላው መሃል ላይ ቢደርስ አስቡት።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ካርድና ላፕቶፕ ያዙ። አንድ ደቂቃ ቅረጹ፣ እዚያው ክፈቱት፣ ወዲያና ወዲህ አስኪዱት። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

3. ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ

ዘመድ የላከው ወይም ከውጭ የመጣ ካሜራ ብዙ አለ። ሜኑው ውስጥ ግቡ። በሰከንድ ስንት ምስል እንደሚቀርጽ የሚያሳየው ላይ 60 የሚል ብቻ ካያችሁ ለአሜሪካ ወይም ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው፤ 50 ካለ ለእኛ ይስማማል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው። በ60 የሚቀርጽ ካሜራ በሸምበቆ መብራት ስር አዳራሹን ሊያርገበግበው ይችላል። ሹተሩን፣ ማለትም እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ፣ በእጅ ማስተካከል ከቻላችሁ 1/100 ሰከንድ ላይ አድርጉት፣ ይረጋል። የማይስተካከል ከሆነ አትግዙት። ቻርጀሩ ላይም ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ ፈልጉ።

4. ሌንሱና ዙሙ

የሚቆጠረው የኦፕቲካል ዙሙ፣ ማለትም ሌንሱ ራሱ የሚያቀርበው ነው። ዲጂታል ዙም ምስሉን ቆርጦ ያሰፋዋል እንጂ አያቀርብም። ስማቸው የማይታወቅ፣ ካርቶናቸው ላይ «4ኬ፣ 48 ሜጋፒክስል» የተጻፈባቸው አዳዲስ ርካሽ ካሜራዎች አሉ። ብዙዎቹ ኦፕቲካል ዙምም ሆነ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚያረጋ ነገር የላቸውም። በዚያ ገንዘብ የታወቀ ያገለገለ ካሜራ ይሻላል።

ከሱቁ በር ላይ ሆናችሁ ከመንገዱ ማዶ ያለ ማስታወቂያ ላይ ዙም አድርጉ። ቀጥሎ ወደ ሱቁ ጨለማ ጥግ አዙሩት። ዘጌ ሄዳችሁ፣ ካህናቱን አስፈቅዳችሁ፣ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የግድግዳ ሥዕሎች ለመቅረጽ ካሰባችሁ የሚፈትናችሁ ይህ ጨለማ ነው። ሌንሱን ደግሞ በስልክ ባትሪ አብርታችሁ ተመልከቱት። ሐይቅ ዳር እርጥበት አለ፤ ሳይነካ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ካሜራ ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ሊያበቅል ይችላል። ያንን በጨርቅ አታስለቅቁትም።

5. ድምፅ

ለእኔ ከምስል ይልቅ ድምፅ ይበልጣል። ትንሽ የደበዘዘ ምስል ሰው ይታገሣል። የአያቱ ምርቃት በነፋስ ተውጦ ካልተሰማ ግን ማንም አይታገሥም። ጣና ዳር ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፣ ጀልባ ላይ ደግሞ ሞተሩ አለ። ስለዚህ የማይክ መሰኪያ ያለውን ምረጡ። ሶኒ ኤችዲአር ሲኤክስ405 ጥሩና ቀላል ካሜራ ነው፣ የማይክ መሰኪያ ግን የለውም። ካነን ሌግሪያ ኤችኤፍ አር806 የማይክም የሄድፎንም መሰኪያ አለው። ሁለቱ በተቀራራቢ ዋጋ ከቀረቡላችሁ ካነኑን ውሰዱ። ማይኩን ጸጉራም መሸፈኛ አልብሱት፣ ስትቀርጹም ሄድፎን አድርጉ።

6. ባትሪና የቀረው

ባትሪውን ሞልታችሁ ሲቀርጽ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እዩ። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ሁለተኛ ባትሪ ቅንጦት አይደለም፣ ዓይነቱ ገበያ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ። ቻርጀሩና ገመዱ ከዋጋው ውስጥ ይሁኑ።

ቤት ስትገቡ ቀረጻውን ኮምፒውተሩ ላይና አንድ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጡ። ካርዱን ፎርማት የምታደርጉት ሁለቱንም ቅጂ ከፍታችሁ ካያችሁ በኋላ ነው።